ተኝቼ የምሄድባት መኪና

ስምንተኛ ወሬን ስይዝ እናቴ ለልጄ አንዲት ጨርቅ እንኳ እንዳልገዛ ከለከለችኝ። ላልተወለደ ልጅ ዕቃ ማሰናዳት ደግ አይደለም አለች። መኪና መግዛትን ግን የከለከለን ሰው የለም። ጊዜው ዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ልጅ ሊወለድ ነው ብሎ መኪና የገዛ ሰው ላሊበላ ውስጥ ከእኛ በፊት ስላልነበረ፣ ደግ ይሁን ክፉ የሚያውቅ አልተገኘም።

ባሌ ገብረ ሊባኖስ ዲያቆንም አስጎብኚም ነው። ስድስት ዓመት ያጠራቀመውን ይዞ መኪና ሊመርጥ ሲነሣ ልቡ ያረፈው የጎረቤታችን የምንይችል ነጭ ቪታራ ላይ ነበር። "ንጹሕ ናት፣ እንግዳ ይወዳታል፣ ቴፕ አላት" ይለኛል በየቀኑ። የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ከኋላ ተኝቼ እግሬን መዘርጋት እችላለሁ ወይ? ገብቼ ሞከርኩት። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው።

"ትንሽ ሰብሰብ ብትዪ እኮ ትበቃሻለች" አለኝ።

ጫማዬን አውልቄ ልወረውርበት ነበር። ጎንበስ ማለት ስለማልችል ተረፈ።

መተኛት ለምን እንደፈለግሁ ያውቃል ማለት ይቻላል፤ ግን አያውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጃችንን ሳምጥ እሱ እንግዶች ይዞ በአሸተን ማርያም በኩል ተራራ ለተራራ ለአምስት ቀን ወጥቶ ነበር። ምጡ ሁለት ቀን ጠናብኝና ወልድያ ውሰዷት ተባለ። የተገኘው መኪና እህል የጫነ አይሱዙ ብቻ ነው። ጋቢናው ውስጥ በሹፌሩና በእናቴ መካከል ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ያንን ኮረኮንች ጀመርኩት። ጋሸና ሳንደርስ መንገድ ዳር ወለድኩ። መንገደኛ ሴቶች በነጠላቸው ከልለውኝ "ማርያም! ማርያም!" አሉ። እልልታ ግን አልተሰማም። ሹፌሩና አንድ ገበሬ እዚያው ከጥድ ሥር ቆፈሩ፤ ያልተጠመቀ ልጅ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። ገብሬ ሲመለስ ሁሉም አልቆ ነበር። አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

አሁን ደግሞ ይኸኛው ሲራገጥ እፈራለሁ፤ ዝም ሲል ይብስብኛል። ዝም ሲል ስኳር እየቃምኩ እስኪነቃ እጠብቃለሁ። ተኝቼ ብሄድ ኖሮ ያኛው ይተርፍ ነበር የምትል ሐሳብ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

ፍላቂት የሚኖረው ነጋዴ አያ ዘመኑ ረጅም ላንድክሩዘሩን ሊሸጥ ነው ሲባል ሰማሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገብስና ሙክት ጭኖ ላሊበላ ገበያ ይመጣል። ገብሬን እየጎተትኩ ገበያው ሄድኩ። መኪናዋ አረንጓዴ ነች፣ ጎኗ የተጨራመተ፣ ውስጧ በግ በግ የሚሸት። ገብሬ አፍንጫውን ያዘና ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ አቀረቀረ። ስለ ሞተር የሚያውቀው ነገር የለም፤ ወንዶች እንዲህ ሲያደርጉ አይቶ ነው። እኔ በኋላ በር ገባሁና ጋቢዬን አንጥፌ ተጋደምኩ። እግሬ ተዘረጋ። ሙሉ በሙሉ ተዘረጋ። ዐይኔን ጨፈንኩ።

"ኧረ በማርያም! የዲያቆኑን ሚስት ያዛት!"

ገብስ ሻጯ እትዬ ማሚቱ ነበሩ። ዐይኔን ስገልጥ በሩ በነጠላ ተከልሏል። አሥር የሚሆኑ ሴቶች ከበውኝ "ማርያም! ማርያም! ማርያም!" ይላሉ። ምጥ አይደለም፣ ቁመቴን እየለካሁ ነው ልላቸው አሰብኩ፤ ጩኸታቸው ግን በለጠኝ። ያው ድምፅ ነው፣ ያው ነጠላ። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ማልቀስ ጀመርኩ።

ገብሬ ሴቶቹን እየገፋ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። "መጣ እንዴ?"

"አልመጣም። ቁመቴን እየለካሁ ነው" አልኩ እንደምንም።

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ማሚቱ "ሰው በዚህ ይቀልዳል? ሞት ይርሳሽ!" ብለው እየተቆጡ ወደ ገብሳቸው ሄዱ። ገብሬ አልሳቀም። አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንባዬን ያያል።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"እንዲህ ነበር የጮኹት" አልኩት። "ያኔ።"

ቶሎ ብሎ "በቃ፣ ይቺኑ እንግዛትና እንገላገል" አለ። ቶሎ ማለቱ አናደደኝ። እንደ ሁልጊዜው ሊያልፋት ነው።

"መጀመሪያ ተኛባት" አልኩት።

"እኔ?"

"አንተ። በጋሸና መንገድ ትንሽ እንሂድ። እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ።"

"ኧረ ዲያቆን እንደ ሙክት ተጭኖ!" ብሎ አያ ዘመኑ ሳቀ። የእኔን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ትቶ ሞተሩን አስነሣ።

መጀመሪያ ላይ ገብሬ ከኋላ ሆኖ ይቀልድ ነበር። ኮረኮንቹ ሲብስ ቀልዱ ቆመ። ጭንቅላቱ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል። እኔ ፊት ተቀምጬ ሆዴን ደግፌ እያንዳንዱን ጉድጓድ አስቀድሜ አየዋለሁ፤ እሱ አያይም፣ ሳያስበው ይመጣበታል።

"ቀስ ይበሉ እንጂ አያ ዘመኑ!" ብሎ ጮኸ ከኋላ።

"ከዚህ ወዲያ ቀስ ከተባለ መቆም ነው" አለ አያ ዘመኑ።

ቆይቶ "ትሕትና" ብሎ ጠራኝ።

"አቤት።"

"እስከ ወልድያ እንዲህ ነው?"

"ገና ነው" አልኩት።

አንድ ሰዓት ሳንሄድ ጥዱ ታየኝ። አቁምልኝ አልኩት አያ ዘመኑን። ገብሬ አቧራ ለብሶ፣ ግንባሩ አብጦ ወረደ። ልንመለስ የቆምን መስሎታል። በጣቴ አሳየሁት።

"እዚህ ነው።"

ምኑ ብሎ አልጠየቀም። ጫማውን አወለቀና ወደ ጥዱ ሄደ። ምልክት የለውም፤ ሁለት ድንጋይ ነው። ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሲናገር ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

"ወንድ ነበር?"

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ነበር የምጠብቀው።

"ወንድ ነበር። ፀጉሩ ብዙ ነበር።"

ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። አያ ዘመኑ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ሌላ ያያል። ገብሬ ጫማውን ሳያጠልቅ ተመልሶ ወደ እሱ ሄደ።

"አያ ዘመኑ፣ መኪናዋን ወስደናታል። ነገ ግን እርስዎ ይንዱልን፤ ወልድያ ነው የምንሄደው።"

"ነገ? ገና ወር አላት አላላችሁም?"

"ገና ስለሆነ ነው። አክስቷ ወልድያ አለች፤ እሷ ጋ ትሰንብት። በዚህ መንገድ ምጥ የያዛት ሴት ተኝታ የምትሄድበት መኪና የለም።" ያበጠ ግንባሩን ዳሰሰ። "ሳያማት፣ ቁጭ ብላ ትሂድ።"

ሞኝነቴ ያኔ ታየኝ። ወር ሙሉ የመኪና ርዝመት ስለካ፣ ሳያመኝ በፊት መሄድ የሚባል ነገር ወደ ሐሳቤ ዝር አላለም ነበር። ምጥ ሲመጣ ብቻ ነው መንገድ የሚታየኝ።

በማግሥቱ ጋቢና ተቀምጬ፣ በየመንደሩ እያረፍኩ ወልድያ ገባሁ። ሃያ ስድስት ቀን ፈርቼ ጠበቅሁ። በሃያ ሰባተኛው አክስቴና ጎረቤቶቿ ውጭ ሆነው "ማርያም! ማርያም!" ሲሉ ጆሮዬን በትራስ ልደፍን ነበር። ከዚያ እልልታው መጣ፤ ሦስት ጊዜ፤ ሴት ናት።

ስንመለስ ልጄን አቅፌ ያው ጋቢና ነበርኩ። ጥዱ ጋ ስንደርስ አቁሙልኝ ያለው ገብሬ ነው። በዚያች መኪና ከኋላ ተኝቶ የሄደ ሰው ቢኖር እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው።