የማዞሪያው ጣቶች

ዕድሜውን የስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርቶ ጡረታ ስለወጣ ሰፈሩ «ማዞሪያው» ይለዋል። ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። ጣቶቹ ግን ብቻቸውን ቢላኩ ገበያ ደርሰው፣ ከነጋዴ ተከራክረው፣ ምርጥ ምርጡን ይዘው ይመለሳሉ ይባልላቸዋል። ወሬውን የሚነዛው ራሱ ነው።

ሚስቱን ኩላሊቷ ከከዳት ወዲህ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ተራዋን በሆስፒታሉ ድረ ገጽ የሚይዘውም፣ በዋዜማው «እንመጣለን» ብሎ የሚያጸናውም እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈውን የምታነብለት የሴት ድምፅ አለች። ሚስቱ «ጣውንቴ» ትላታለች።

«ከእኔ ጋ ሁለት ቃል፣ ከእሷ ጋ ሙሉ ቀን።»

«እሷ መቼ ትነዘንዛለች» ይላታል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ጣውንቲቱንም ቢሆን አስጨርሷት አያውቅም። ማዞሪያ ላይ የኖረ ሰው የመስመሩን ቀዳዳ በቦታው እንጂ በስሙ አይፈልገውም። ጣቱ በቁልፎቹ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ አስገባ፤ ተራው ጸና። ድምፂቱ አፏን ስትከፍት እሱ ወንበሩን ለቆ ተነሥቷል።

አንድ ዋዜማ ላይ ገጹን ሲከፍት «አዲሱን መልካችንን እንዴት አዩት?» አለችው።

«እኔማ ምኑን አይቼው» አለና ለብቻው ሣቀ። እንደ ልማዱ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ አስገባ። ደስ የሚል ደወል አቃጨለ። ተነሥቶ ሄደ።

በማግስቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ ኮምፒውተሯን አየት አደረገች።

«አባባ፣ ተራው ተሰርዟል።»

«ማን ሰረዘው?»

«እርስዎ ነዎት። ትናንት። ገጹ ሲታደስ መሰረዣው ማጽኛው የነበረበት ቦታ ገብቷል። ማጽኛው አሁን ጥግ ላይ ነው፣ አረንጓዴው።»

«አረንጓዴው» አለ ቀስ ብሎ። «ልጄ፣ ማሽኑስ?»

«ሌላ ሰው ገብቶበታል። እኔ በእጄ ላስገባት አልችልም፣ ሁሉም በገጹ ሆኗል። ከባሰባት በድንገተኛ በኩል ያምጧት፤ እዚያም ማሽን ከተገኘ ነው።»

ሚስቱ አግዳሚው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። እግሯ አብጦ ትራስ የጠቀጠቁበት መስሏል።

«ጣውንቴ ናት አይደል፣ ልትቀብረኝ የቸኮለችው?»

ምላሱ ላይ ሌላ ነገር ነበረ። ዋጠው።

«አዎ፣ እሷ ናት» አለ።

ቤት ሲገቡ ወደ ሆስፒታሉ ደወለ። በሰው ፋንታ የተቀዳ ድምፅ «ለፈጣን አገልግሎት ድረ ገጻችንን ይጎብኙ» ብሎ ጠረቀመበት። ስንቱን ሰው ከስንቱ ያገናኘ ጣት እጀታውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጣውንቲቱን ከላይ እስከ ታች አዳመጣት።

«ምስል። ምስል። ስም የሌለው ቁልፍ። ምስል።»

አንዱን ስም የለሽ ነካ። «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ። ድልድይ ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ።»

«አንቺዬ፣ እስቲ ወደዚህ ጠጋ በይ። ሰው መሆናችንን ተጠራጥረዋል።»

«እነሱስ ናቸው ወይ?» አለች። ግድግዳ ይዛ መጣች። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ድልድይ ግን ታውቃለች። እጁን ይዛ የኮምፒውተሩን ማውስ አብራ ትገፋለች።

«ይኼ ድልድይ ነው። ያኛው... አጥር መሰለኝ። ዓይኔን ጭጋግ ጋረደው።»

ገጹ ጊዜያችሁ አልቋል አለና ሌላ ሥዕል አመጣ። እንደገና ጀመሩ። እንደገና አለቀ። እሷ እያለከለከች ትከሻው ላይ ተደገፈች፤ ትንፋሿ አሞኒያ አሞኒያ ይላል። በስንት መከራ አለፉ።

«የመጀመሪያው ክፍት ተራ» አለች ድምፂቱ ለእሱ ጆሮ ብቻ፣ «ከዛሬ ስምንት ቀን።»

ሐኪሙ ሳትታጠብ ከሦስት ቀን በላይ እንዳታሳልፍ ብሎ ነበር። ሦስቱ ዛሬ ሞልቷል።

«መቼ አለች?» ብላ ጠየቀችው ሚስቱ።

ጣቶቹ ተራውን ያዙት። ምን ያድርጉ።

«ነገ» አላት።

«እሰይ» አለችና አልጋው ላይ ተጋደመች። «እግሬ እንዲገባልኝ ጫማዬን ከአሁኑ አላላልኝ።»

በርከክ ብሎ ከአልጋው ሥር ጫማዋን በዳበሳ አወጣ። ማሰሪያውን ከአንዱ ቀዳዳ ይስባል፣ ቆም ብሎ ትንፋሿን ያዳምጣል፣ ከሚቀጥለው ይስባል።