ብቻውን አልነበረም

«ዝም ብላችሁ ፈቅፍቁ እንጂ!» አለቻቸው የዳሪስማ አክስት ራቢአቱን። ሴቶቹ ግን ዝም አላሉም። ጓዳው ውስጥ ለለቅሶው ምግብ ኮኮናት እየፈቀፈቁ ሟቹንም አብረው ያሙታል።

«መቃብሩ ላይ ኢማሙ ‹ስለዚህ ሰው ምን ትመሰክራላችሁ?› ብለው ሲጠይቁ ‹ደግ ሰው ነበር› ያለው ስንቱ ነው? ግማሹ መሬት መሬት ያይ ነበር።»

«በሐሰት የመሰከረን ሰው ምን ይበሉት ታዲያ?»

«ኧረ ተይ፣ ሚስቱ ትሰማለች!»

ዳሪስማ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። የባሏ የሳቢሪን አፈር ገና አልደረቀም። ሌላ ሴት ብትሆን ብድግ ብላ ትሳደብ ነበር፤ እሷ ግን በምን አፏ?

ነገሩ የጦጣ ነገር ነው። ሽማግሌው ኡዩን ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ የሚያድረው ጦጣው ዛፍ ላይ ወጥቶ በሚያወርድለት ኮኮናት ነበር። ባለፈው ክረምት ያ ጦጣ ጠፋ። ሳቢሪን ሸንጎ ፊት ቆመና፣

«ወላሂ በዐይኔ አይቻለሁ» አለ። «ጎህ ሲቀድ ጀማሪስ በገመድ እየጎተተ ወንዙን ሲያሻግረው አየሁ። የግራ ጆሮው ግማሹ የለም። የኡዩን ጦጣ ነው።»

ጀማሪስ የዳሪስማ ታላቅ ወንድም ነው። ሩቅ ገበያ ወስዶ አንድ ጦጣ በርካሽ መሸጡን አልካደም፤ «የራሴ ነው፣ ጆሮውም ሙሉ ነው» ብሎ ድርቅ አለ እንጂ። ጦጣው ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ የገባበት ጠፍቷል። በአባቶቻችን ሕግ በርካሽ መሸጥ ያስጠረጥራል፣ አያስፈርድም። ሰውን ሌባ ለማለት ያየ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

«አብሮህ ማን ነበር?» አሉት የጎሳው አለቃ፣ ዳቱክ።

ዳሪስማ ሸንጎው ላይ ሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። ሳቢሪን ወደ እሷ ዞር እንኳ አላለም።

«ማንም። ብቻዬን ነበርኩ።»

ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ልብስ ልታጥብ አብራው ወንዝ ወርዳ ነበር። እሱ ያየውን ሁሉ አይታለች። ወደ ቤት ሲመለሱ «ለምን ዋሸህ?» ብትለው፣

«እኔ እናንተ ቤት እንግዳ ነኝ» አላት። «እዚህ አገር ባል እንግዳ ነው። የቤትሽ ምሰሶ ወንድምሽ ነው። አንቺ መስክረሽበት በእኔ ምክንያት አይፍረስብሽ።»

እሷም እፎይ አለች። አላህ ይቅር ይበላትና፣ እፎይ አለች። ጀማሪስ አባታቸው ሲሞት አዝሎ ያሳደጋት ወንድሟ ነው።

ሁለተኛ ምስክር ስላልተገኘ ጀማሪስ በነፃ ወጣ፤ ሳቢሪን «ሐሰተኛው» ተብሎ ቀረ። ዓሣ አጥቶ ባዶ እጁን ሲመጣ «ዛሬ ዓሦቹ ሠርግ አለባቸው» እያለ መንደሩን የሚያስቅ ሰው፣ ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ የሚቋረጥበት ሰው ሆነ። መቀለዱን ተወ። በኋላ ትኩሳት ያዘውና ብዙም ሳይታገል ሄደ።

አሁን ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው ጀማሪስ ነው። ሩዙን ያዛል፣ እንግዳ ይቀበላል። በመጋረጃው ብቅ ብሎ «ቅመሽ እንጂ እህቴ። እኔ እያለሁልሽ ምን ይጎድልሻል?» አላት። ከልቡ ነበር። አንጀቷን የበላው ይሄ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኡዩን በጨርቅ የቋጠራትን ሩዝ ይዞ መጣ። መዳፉና ክንዱ ተልጧል።

«ምን ሆነው ነው፣ አባባ?» አለችው ዳሪስማ።

«ዛፉ ላይ የምወጣው ራሴ ነኝ፣ ልጄ። በስተርጅና ጦጣ ሆንኩልሽ!» ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። «መቃብሩ ላይ ደግ ሰው ነበር ብዬ ጮኼያለሁ። ሌላው ቢያፍርበት እኔ አላፍርም። ሞት አይቀር፣ ስም አይቀበር።»

ዳሪስማ ተነሣች። ሐዘንተኛ ሴት ግቢው ውስጥ የተቀመጡት ወንዶች መሀል አትገባም፤ እሷ ገባች።

«ዳቱክ፣ ሳቢሪን ብቻውን አልነበረም። እኔም ነበርኩ።»

«ሐዘኑ ነው!» አለ ጀማሪስ ጭልፋውን እንደያዘ። «ግቢ፣ ዳሪስማ!»

«ወንድም ጋሼ፣ ውለታህን አልክድም። ግን አይቼሃለሁ። የጦጣው ጆሮ ግማሽ ነበር።»

ዳቱክ ወደ እሷ ዞሩ። «ያን ቀን ሳቢሪንን ለብቻው ወስጄ አንድ ነገር ጠይቄዋለሁ። ለማንም አልተነፈስኩም። ጦጣው ወንዙ መሀል ሲደርስ ምን አደረገ?»

«ውሃውን ፈርቶ ወንድሜ አናት ላይ ወጣ። ሳቢሪን ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ያዘ፤ እኔ ጎኑን ጎሸምኩት። ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም።»

«ሳቢሪንም ያለኝ ይህንኑ ነው» አሉ ዳቱክ። ጀማሪስ ጭልፋውን ከድስቱ አጠገብ አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አልካደም። ወንዶቹም ቀና ብለው አላዩትም።

«ሕግ ነውና አሳዪኝ» አሉ ዳቱክ በለሰለሰ ድምፅ። «አንቺ የት ነበርሽ? እሱስ?»

ዳሪስማ ግቢው መሀል ቆመች።

«እኔ እዚህ።» ቀኝ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ፣ ሳቢሪን አጠገቧ የቆመ ይመስል፣ በትከሻው ልክ አነሣችው። «እሱ እዚህ።»

«በቃ ልጄ፣ ተመስክሯል። እጅሽን አውርጂ።»

አላወረደችውም።