የቺዙ ፈረስ የፊት እግር

ፈረሱ ከራሱ እስከ ጭራው አልቆ የቀረው ጋማው ብቻ ነበር። ቀራጺዋ ግን ጋማውን ትታ ለአራተኛ ጊዜ ከፊት እግሩ ሥር ተንበረከከች። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው፤ ተነሳች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች፤ እንደገና ተንበረከከች።

«ምን ጥለሽ ነው እዚያ?» አላት ታናሽ ወንድሟ። ቺዙን በቀጭን ሽቦ የሚቆርጥላት እሱ ነው፤ ከቅጥነቱም የተነሳ ሰው ሁሉ ሽቦ ይለዋል።

«ምንም። አልቦታል።»

«ይህ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ሲለቅበት እንኳን ቺዝ ድንጋይም ያልበዋል።»

አዲሱ የአውቶቡስ መናኸሪያ በስድስት ሰዓት ሊመረቅ ነው። ድሮ በቦታው የጋሪ ፈረሶች ይቆሙ ስለነበር አዘጋጆቹ ለመታሰቢያ ከቺዝ የተቀረጸ ፈረስ አዘዙ፤ ቁመቱ ከሰው ደረት የሚደርስ፣ አንድ የፊት እግሩን ያነሳ። ከንግግሩ በኋላ ተቆርሶ ለሕዝብ ስለሚታደል በሆዱ ውስጥ እንጨትም ብረትም አልገባም። የቀራጺዋና የወንድሟ አባት ደንብ ነው፤ «ሰው በሚጎርሰው ነገር ውስጥ ሚስማር አይደበቅም» ይሉ ነበር። እናም ፈረሱ የሚቆመው በገዛ እግሩ ነው፤ ከፊት ደግሞ በአንዱ ብቻ።

ለዚያች አንድ እግር የሚሆነውን መምረጥ ነው እንግዲህ ሙያው። ለጋ ቺዝ እንደ ጎማ ይለመጣል፣ የቆየው ይፈረፈራል፤ ሸክም የሚችለው መካከለኛው ነው። በዓይን ሲያዩት ሁሉም ያው ቢጫ ነው። አባታቸው ስስ ቅጠል የምታህል ልጠው ምላሳቸው ላይ ያኖሩና ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። «እጅማ አናጢም አለው፤ እኛን የሚያበላን ምላስ ነው።» እሳቸው ሲያልፉ ይህ ሥራ ለእሷ ቀረ። ሽቦ መብላት እንጂ መቅመስ አያውቅም ተብሎ ገና በልጅነቱ ተፈርዶበታል።

ከሦስት ወር በፊት ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ ሲሄድ የአፏን ጣዕም ይዞባት ሄደ። ማርም፣ ሎሚም፣ ቺዝም እርጥብ ወረቀት እንደማኘክ ሆነባት። ለማንም አልተናገረችም። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ስትል ይህ ሥራ መጣ። ምላሷ መሞቱ ከተሰማ ከእንግዲህ ማን ፈረስ ያዛታል? ትናንት ትልልቆቹ የቺዝ ድፍኖች ሲራገፉ እንደ ወትሮዋ ልጣ አፏ ውስጥ አስቀመጠች፤ እንደ ወትሮዋ ዓይኗን ጨፈነች። ምንም የለም። በአውራ ጣቷ ተጭና ገመተችና «ይሄኛው ለፊት እግር» አለች። ሌላ ጊዜ ሽቦ ፍቅፋቂውን ሲቅም ስለሚውል ይነቃባት ነበር፤ አሁን ግን መንጋጋው በጥርስ ሕመም አብጦ ውሃ እንኳ የሚጠጣው በአንድ ጎኑ ነው።

ከተመልካቹ መካከል አንድ ባለኮፍያ ሽማግሌ ከፈረሱ እግር የተፋቀውን ከሳህኑ አንስተው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ኧረ ይሄስ ይናከሳል! ከእኔ ጋር ተማሪ ቤት ሳይገባ አይቀርም።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። የሚናከስ ቺዝ ያረጀ ቺዝ ነው። ጎንበስ ብላ ስታይ ከጉልበቱ በላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች። ለስላሳ ቺዝ በጣቷ ቀባችበት፤ ስንጥቋ ጠፋች። ጋማውን ጀመረች፤ ተወችው። ተመልሳ ስታይ ስንጥቋ ከቅቡ ሥር ወጥታ ረዝማለች። ማቀዝቀዣ ወዳለው መኪና ሮጠች፤ አራቱን ትርፍ ድፍኖች ዳበሰች፣ በጥፍሯ ጫረች፣ አሸተተች። አራት መስማት የተሳናቸው ሰዎችን ስም እንደመጠየቅ ነበር። ተመልሳ ወጣች።

«ሽቦ፣ ና እስቲ።»

ከመኪናው ኋላ ወሰደችው። «እግሩ ሊሰበር ነው። መቀየር አለበት።»

«ይቀየራላ። ትርፉን ቅመሽና አንዱን አቀብዪኝ።» ሰዓቱን አየ። «አራት ተኩል ሆኗል እኮ!»

«አልቀምስም።»

«ኩርፊያ ነው?»

«ምላሴ አይሠራም። ከጉንፋኑ ወዲህ።»

ሽቦ ያበጠ ጉንጩን በመዳፉ ይዞ አፈጠጠባት። «ሦስት ወር ሙሉ እኔ የቀቀልኩትን ‹ይጣፍጣል› እያልሽ የበላሽው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ባለሙያ የሆንኩ መስሎኝ ነበር!» ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። «ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?»

«ብነግርህ አርፈሽ ተቀመጪ ትለኝ ነበር።»

«እልሽ ነበር!»

«መቀመጥ አልችልም፤ ታውቀኛለህ።» ከድፍኖቹ ልጣ ዘረጋችለት። «አሁን አትጩህብኝ። ቅመስ። መጀመሪያ ወተት ወተት የሚል፣ ቆይቶ የምላስህን ዳር የሚቆነጥጥ። መቆንጠጥ እንጂ መንከስ አይደለም።»

የመጀመሪያውን አላመጠና «ወተት ብቻ» አለ። ሁለተኛውን ሲያላምጥ ጥርሱ ጠዘጠዘው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ቆይ... ይሄም ለጋ ነው።» ሦስተኛውን ሲጎርስ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ከንፈሩን እያየች ትንፋሿን ያዘች።

«ቆነጠጠኝ... መሰለኝ።»

«መሰለኝ? እርግጠኛ ነህ?»

«አንቺስ ሁልጊዜ እርግጠኛ ነበርሽ?»

እስከዛሬ ማንም ጠይቋት አያውቅም። «አልነበርኩም» አለች። «ና፣ ያዝ።»

የፈረሱን ሆድ በሁለት ባላ ደግፈው ሽቦ የተሰነጠቀውን እግር ከትከሻው ቆረጠ። እሷ እጇን በበረዶ ውሃ እየነከረች አዲሱን ትቀርጻለች፤ ሞቃት እጅ ቺዝ ያቀልጣል። ከአዘጋጆቹ አንዱ ክራባቱን እያስተካከለ መጣ።

«ምነው፣ ፈረሱ ከዘራ ያዘሳ?»

«ጫማ እየቀየረ ነው፣ ጋሼ» አለ ሽቦ።

ጋማውን ለመጨረስ ጊዜ አልቀረም፤ ግማሹ እንዳልተበጠረ ፀጉር ቀረ። ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን አዲሱ እግር ገጠመ፤ መጋጠሚያውም ተቀባ። እንግዶቹ በር ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ባላ ወጣ። ሁለተኛውን ያዘችና መልሳ ለቀቀችው።

«አንተ አውጣው፤ የመረጥከው አንተ ነህ።»

«የቀረጽሽው አንቺ ነሽ። በይ፣ አብረን።»

ጎተቱት። ፈረሱ ክብደቱ ሲያርፍበት የጣት ውፍረት ያህል ዝቅ አለና ቆመ።

ንግግሩ ተጀመረ። እሷ በፈረሱ ዙሪያ ትሄዳለች፤ ጉልበቱን ታያለች፤ ሁለት ጊዜ እጇን ዘርግታ ሳትነካው መለሰች። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ወለሉ የተንቀጠቀጠ መስሏት ዘላ ከሆዱ ሥር ገባች። ሽቦ የሽርጧን ጫፍ ይዞ ጎተታት።

«ተቀመጪ እንጂ እህቴ። ፈረሱ ቆሟል፤ አሁን የምትወድቂው አንቺ ነሽ።»

ሳጥኑ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ተረከዟ ግን ወለሉን መምታቱን አላቆመም።

«እውነት ቆንጥጦህ ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

«እግዜር ያውቃል» አለ ሽቦ፤ እሱም ዓይኑን ከፈረሱ እግር ላይ አልነቀለም።