አቃኚው ይጥፋ

ማንዛኖ በምትባለው የወንበር ሠሪዎች ከተማ ውስጥ ከወንበር ጋር ጉዳይ የሌለው ሰው ቢኖር ቄሱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በተቀመጠበት ሁሉ አቃቂር ያወጣል። ኦንዲና በዚያች ከተማ፣ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ወንበር ስትነድፍ ኖራለች።

ከሁለት ዓመት በፊት እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚያው ሰሞን የፋብሪካው ባለቤት ኤርሜስ የመንደፊያ ስክሪን ገዛ። ስክሪኑ ብዙ ሐሳብ ጎን ለጎን ይደረድራል፤ የተጣመመውን መስመር ደግሞ ወዲያው ያቃናዋል። ይህን ማቃኛ ሁሉም "አቃኚው" ይሉታል። የእጇን ነገር ማንም ያላወቀ መሰላት። ግን ምን ዋጋ አለው! ድሮ የተሞነጫጨረ ወረቀቷን ይዛ ስትወርድ ዋናው አናጢ ጄልሚኖ "ይኼ እግር ምን ነካው?" እያለ ይነዘንዛት ነበር፤ ከንዝንዙም አዲስ ወንበር ይወለዳል። አሁን ልቅም ያለ ሥዕል ሲደርሰው ያለቀለት መስሎት ዝም ብሎ እንጨቱን ይቆርጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀም። ወንበሮቹም የአንድ እናት ልጆች መሰሉ።

ሰኞ ጠዋት ለአዲሱ ወንበር የመጀመሪያው ምክክር ተጠራ፤ ኤርሜስና የሽያጭ ሰዎቹ ስክሪኑ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ኦንዲና ስክሪኑ ፊት ተቀመጠችና አቃኚውን አጠፋችው። ኤርሜስ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንሾካሾከ። የእጇን ነገር ከጅምሩ እንደሚያውቅ፣ የሽያጭ ሰዎቹ ካዩ ግን ጡረታ ትውጣ ማለታቸው እንደማይቀር ነገራት። ደግ ልጅ ነው፤ ደግነቱ ግን አንገበገባት።

"ኤርሜስ፣ ድክ ድክ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ አታባብለኝ" አለች ሁሉም እየሰማ። "እጄ ይንቀጠቀጣል። ሐሳቤ ግን አይንቀጠቀጥም። የምታባርሩኝ ከሆነ የራሴን መስመር አይታችሁ አባርሩኝ።"

ከዚያ የስክሪኑን ብዕር አንስታ መሳል ጀመረች። መስመሩ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ። ከሽያጭ ሰዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ አንገቷን ሳትደፋ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እያለች እስከ ሰባተኛ ወንበር ደረደረች። ላቧ ግንባሯ ላይ ችፍ አለ።

ጄልሚኖ በሩ አጠገብ ቆሞ ሲያይ ቆየና ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። የአራተኛውን ወንበር መደገፊያ በጣቱ ነካ።

"ይኼ የተጋደመው ወደ ኋላ ነው ወደ ጎን?"

"እኔም ገና አላወቅሁትም" አለች ኦንዲና።

"ይኼስ እግር ሰው ይሸከማል? ተይ እንጂ።" አጠገቧ ዱብ ብሎ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ። "ብዕሩን ወዲህ በይ፣ ላሳይሽ።"

"ብዕሩንስ አልሰጥህም" አለችው። "አንተ ተናገር፣ እኔ እስላለሁ።"