የዐብዱኑር ቅጥር

ሰዐዲያ «ቅጥር» የሚባለውን ቃል አጥብቃ ትጠላ ነበር። አባቷ በሐረር ግንብ ውስጥ የታወቁ መጽሐፍ ደጓሽ ነበሩ፤ የማንንም ደጅ ሳይጠኑ ኖረው ሞቱ። እሷ ግን ባሏ ሲሞትባት ፈላና በር አጠገብ ካለው የዐብዱኑር መጋዘን ገብታ ቡና ለቃሚ ሆነች። ይህን ለአፎቻዋ ሴቶች ስትነግራቸው አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። «የማንም ቅጥር አይደለሁም። በቁርጥ፣ በለቀምኩት ልክ ነው የምሠራው፤ ደስ ሲለኝ እገባለሁ፣ ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ትል ነበር። አፎቻ ጎረቤት ለሠርግና ለለቅሶ የሚረዳዳበት ማኅበር ነው፤ እዚያ የተነገረ ነገር ሳይውል ሳያድር ጀጎልን ያዳርሳል።

እንግዲህ ኩራት ምን ይደረግ! ሰዐዲያ ያለ ኩራት መንገድ ላይ መሄድ የማትችል ሴት ነበረች።

አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ የጆንያ ክምር ተናደና ቀኝ ክንዷን ሰበረው። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር የሚኖር ወጌሻ አሰረላትና እስከ መውሊድ እንዳታንቀሳቅሰው አስጠነቀቃት። ዐብዱኑር ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ።

«አላህ ያሽርሽ» አለና ትንሽ ተቁነጠነጠ። «ቦታሽን ለሌላ ሰጥቼዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ቡናው አይጠብቅም። ለሕክምናውም ቢሆን እኔን አትይኝ። አንቺ ሠራተኛዬ አይደለሽም፤ ለራስሽ ነው የምትሠሪው። ራስሽ ስትዪው የኖርሽው ነው።»

ሲወጣ ብርቱካኑን አንድ በአንድ ለጎረቤት ልጆች አደለችው። ንዴቷ ከስብራቷ ይልቅ ያማት ነበር። ለዚያ መጋዘን ዓይኗን አፍስሳለች፤ ክንዷም እዚያው ተሰብሯል። እንዲሁ ተጠርጎ የሚጣል ገለባ እንዳልሆነች ካላሳየች አትተኛም። በማግስቱ ክንዷን በሻሽ አንግታ አቦከር ሰፈር ወዳለው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደች።

ጸሐፊው እንደሻው ይባላል፤ የሐረር ልጅ ነው፤ ዝም ብሎ ማድመጥ ያውቅበታል። አዲሱ የሠራተኛ አዋጅ ከወጣ ገና ብዙ ስላልቆየ እሱም እያንዳንዱን ጉዳይ በጥንቃቄ ነበር የሚይዘው።

«በቁርጥ መከፈልዎ ብቻውን ነገሩን አይወስነውም» አላት። «ሥራውን ራስዎ የሚመሩ፣ ሲፈልጉ ዘግተው የሚሄዱ ከሆነ ሥራ ተቋራጭ ነዎት፤ ጉዳቱም የራስዎ ነው። የሚያዝዝዎ እሱ ከሆነ ግን ሠራተኛው ነዎት፤ ያሳክምዎታል፣ ቦታዎንም ይጠብቃል። ያዝዝዎታል?»

ሰዐዲያን አዎ እንዳትል ኩራቷ ያዛት። «ይጠራና እሱ ይናገር» አለች።

ዐብዱኑር በቀጠሮው ቀን ብቻውን አልመጣም። ምስክር ብሎ ይዞ የመጣው የገዛ እናቱን፣ የሰዐዲያን አፎቻ መሪ አዴ ሐዲያን ነው። አዴ ሐዲያ ለልጃቸው ብለው የሚዋሹ ሴት አይደሉም፤ ሰዐዲያን ያስፈራትም ይኸው ነው።

«ወላሂ፣ ስትል ሰምቻለሁ» አሉ። «የማንም ቅጥር አይደለሁም፣ ደስ ሲለኝ እወጣለሁ ብላለች። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።»

እንደሻው ወደ ሰዐዲያ ዞረ። «ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

ዐብዱኑር ኮፊያውን አስተካክሎ ለመነሣት ተዘጋጀ። ሰዐዲያ የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱን ከመናገር ሌላኛው ክንዷ ቢሰበር ትመርጣለች። ግን ዝም ብትል ቦታዋም ክንዷም እንደ ወጡ ሊቀሩ ነው።

«አዴ ሐዲያ» አለች፤ ወደ ጸሐፊው ሳይሆን ወደ እሳቸው ዞራ። «እህትዎ መብሩካ የሞቱ ዕለት ከለቅሶው ቀርቼ አሞኝ ነው ብዬዎት ነበር። በአፎቻው ደንብ ተቀጣሁ። ከዚያ ወዲህም ፊትዎን አዙረውብኛል። አላመመኝም ነበር፤ ዋሸሁ።»

አሮጊቷ ቅንድባቸውን አነሡ።

«መርዶው ሲመጣ ተነሥቼ ነጠላዬን አነሣሁ። ዐብዱኑር ‹ማታ መኪና ይጫናል፤ ቡናው ሳያልቅ ማንም አይወጣም› አለን። ለመንኩት፤ የአክስትህ ለቅሶ ነው አልኩት። እሱ ለቀብር ወጣ፣ በሩን በላያችን ቆልፎ። ደስ ሲለኝ እወጣለሁ ስል ከርሜ፣ ተቆልፎብኝ ነበር ብዬ እንዴት ልንገራችሁ? የአባቴ ልጅ ቅጥር ሆነች እንዳይባል ብዬ ነው የዋሸሁት። ውሸቴ ያ ነው፤ ሌላ የለኝም።»

ዐብዱኑር ብድግ አለ። «እማ፣ ነጋዴው ድሬዳዋ ላይ እየጠበቀ ነበር! ሁሉም እየተነሡ ቢሄዱ ማን ሊለቅመው ነው?»

እንደሻው ብዕሩን አነሣና መጻፍ ጀመረ። አዴ ሐዲያ ግን ልጃቸውን አልሰሙትም። ዓይናቸው የሻሻቸው ጫፍ ላይ ነበር።

«ቃሬዛውን ልትሸከም ስትል ቁልፍ አስይዘኸኝ ነበር» አሉ በቀስታ። «ትልቁን ቁልፍ። እዚህ ጫፉ ላይ ቋጠርኩት። የመጋዘኑ ነበር?»

ዐብዱኑር ተመልሶ ተቀመጠ።

«ያንን ቁልፍ ቋጥሬ ይዤ ነው እንግዲህ ‹ሰዐዲያ የት ቀረች?› እያልኩ የዋልኩት። ቁልፉን ይዤ ነው ያስቀጣኋት።» ወደ እንደሻው ዞሩ። «ጻፈው፣ ልጄ። በሩን የሚቆልፈው እሱ ነው ብለህ ጻፈው።»

እንደሻውም ጻፈ፤ ሰዐዲያ የዐብዱኑር ሠራተኛ ናት ተብሎ ተወሰነ።

በሚቀጥለው የአፎቻ ቀን ሰዐዲያ ክንዷን እንዳነገተች ገባች። ወሬው ቀድሟት ስለነበር ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። አዴ ሐዲያ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላትና፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሰዐዲያ፣ አሁን ምን ላይ ነሽ?» አሏት።

ሰዐዲያ አንገቷን ቀና አደረገች።

«የዐብዱኑር ቅጥር ነኝ» አለች። «ክንዴ እስኪድን ቦታዬ ይጠብቀኛል።»