ትናንት የተቀዳ ድምፅ

ነገሩ እናትን የቆረቆራት የሬዲዮው የእርሻ ፕሮግራም አልቆ የጤናው ሊጀመር ሲል ነው። የስፌት መኪናዋን የሚረግጥ እግሯ ቀጥ አለ። በሬዲዮ «ቀጥሎ የሐኪሙን ምክር ታዳምጣላችሁ» ያለችው የገዛ ልጇ ናት፤ ድምፅዋ እንደ ደወል የጠራ። ገና ሳይነጋ ስትወጣ ግን ልጅቷን ጉንፋን ጉሮሮዋን ዘግቷት፣ «ሥራ ሄጃለሁ» ያለቻት በሹክሹክታ ነበር።

ከማለዳው ዜና ጀምሮ ስትሰማት ቆይታ፣ እስካሁን እንዴት ልብ አላለችም?

ልጅቷ በብሔራዊው ሬዲዮ ፕሮግራም አስተዋዋቂ ከሆነች ወዲህ እናት ቀኗን የምትመራው በዚያ ድምፅ ነው። በዜናው ትነሣለች፣ በእርሻው ጨርቅ ትቆርጣለች፣ በሕግ ምክሩ ትዘመዝማለች፣ የልጆች ተረት ሲያልቅ መብራት ታበራለች። ድምፁ ካለ ልጇ አለች፤ ዘበኛውና የስቱዲዮው ወፍራም በር ይጠብቋታል።

ስልኳ ላይ ደወለችላት። ዝግ ነው።

«ምነው፣ መርፌ ወጋሽ እንዴ?» አለቻት ቀሚሷን ልትለካ የመጣችው ጎረቤቷ። አፏ ስለማያርፍ ሰፈሩ «ጥሩምባ» ነው የሚላት።

«ይሄ ድምፅ የዛሬ አይደለም።»

«የልጅሽ ድምፅ ጠፋሽ?»

«የሷማ የሷ ነው። ዛሬ ያወራችው ግን አይደለም። አንድ ነገር ሆናለች። መኪና ገጭቷት ይሆናል።»

«ኧረ አታሟርቺ! አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ ባስነጠሰ ቁጥር ከል ልትለብሺ ነው!»

ወደ ጣቢያው ደወለች። ተረኛው ቴክኒሻን አነሣ።

«እማማ፣ እሷ እኮ ዛሬ ፈቃድ ላይ ናት። የዛሬውን ማስተዋወቂያ ሁሉ ትናንት ቀድታልን ነው የሄደችው። አልነገረችዎትም?»

«ነግራኝ ነበር፤ ረስቼው ነው» ብላ ዋሸች።

ከሰዓት በኋላ ያው የጠራ ድምፅ «አሁን የጠፉ ሰዎችን ማስታወቂያ እናሰማለን» አለ። ቀሚሷ እስኪያልቅ የቆየችው ጥሩምባ ሬዲዮውን ልታጠፋ እጇን ሰደደች።

«ተይው!» ብላ እናት ጮኸችባት። አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያ አንዲት ተማሪ ተነገሩ፤ የለበሱት ልብስ፣ የቆዳቸው መልክ፣ ቁመታቸው። እሷም በሆዷ የልጇን ማስታወቂያ አሰናዳች። ሰማያዊ ሹራብ፣ ግራጫ ሻርፕ፣ ድምፅዋ የተዘጋ። ልብ ስትል የቀሚሱን እጅጌ ገልብጣ ሰፍታዋለች። ጥሩምባ እንኳ አልሳቀችም።

የልጆች ተረት አለቀ። መብራቱን ሳታበራ በጨለማ ተቀምጣ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ሻርፗን እንደ ተጠመጠመች ገባች።

«የት ዋልሽ?»

«ሥራ።»

«ሥራ ላይ ያለችውንማ ስሰማት ዋልኩ። እሷ ጉንፋን የለባትም።»

ልጅቷ የጨርቁ ክምር ላይ ቁጭ አለች። «ቤት ስፈልግ ነበር፣ እማዬ። ለሥራዬ የሚቀርብ አንድ ክፍል። አገኘሁ።»

«ስልክሽስ?»

«ከደወልሽ መዋሸት አልችልማ። ብነግርሽ ደግሞ ሌባውን፣ እሳቱን፣ ጎርፉን ትደረድሪልኛለሽ፤ እኔም እንደ ወትሮው ፈርቼ እቀራለሁ።»

ሌባውም እሳቱም ጎርፉም እናት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። ዋጠቻቸው።

«በሩ በምንድን ነው የሚቆለፈው?»

«ገና ነው። የጓጉንቸር ማንጠልጠያ ብቻ ነው ያለው።»

እናት ተነሣች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በየምሽቱ በሯን ከውስጥ የምትቆልፍበትን ትልቁን ጓጉንቸር ከምስማሩ አወረደችና ከነቁልፎቹ የልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።

«አንዱን ቁልፍ እንኳ አንቺ ያዢው» አለች ልጅቷ በዚያ በሰለለ ድምፅ።

«አልይዝም። ከያዝኩት በየቀኑ እየመጣሁ እከፍትብሻለሁ።»

ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ መቀርቀሪያውን ገፋችው። እንደ ልማዷ ሳብ አድርጋ ልትፈትሸው እጇን ዘረጋች፤ ግን ሳትነካው መለሰችው።