አራተኛው ቦይ

ስለ ቺፕ ሠሪዋ "ምን ትሠራለች?" ብለው ሲጠይቋት አክስቷ "ውሃ ታስሮጣለች፤ ለዚሁ ደመወዝ ይከፍሏታል" ትላለች። ሐሰት አይባልም። ማተሚያዋ ፈሳሽ ሙጫን በብርሃን እያጠነከረ፣ ስስ ንብርብር በንብርብር ላይ እየደረበ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ እንደ መስታወት የጠራች ቺፕ ይሠራል። ሆዷ ውስጥ አራት ቦዮች አሉ። ቦይ ሲባል የመስኖ እንዳይመስላችሁ፤ ፀጉር ቢገባ ይጨናነቅባቸዋል። ቺፕ ሠሪዋም ስንት ዘመን ባለቀለም ውሃ ስታመላልስባቸው ኖራለች።

አሁን ግን የመጣው ነገር ውሃ አይደለም። ታናሽ እህቷ፣ ይህን አክላም እስካሁን ሚጢጢ የምትባለው፣ ሳንባዋ አጠገብ ካንሰር በቅሎባታል። ሐኪሙ ሦስት መድኃኒቶች አሉት፤ የሚጢጢ ሰውነት ግን የሚችለው አንዱን ብቻ ነው። እሱ ካልሠራ ሌላ ለመሞከር አቅም አይተርፋትም። ታላቂቱ ታዲያ አንድ መላ መጣላት፦ ከእጢው ጥቂት ህዋስ ተወስዶ ቦዮቹ ውስጥ ይገባል፤ በሦስቱ ሦስቱ መድኃኒቶች ይለቀቃሉ፤ በአራተኛው ምግብ ብቻ። በአራተኛው ያሉት በሕይወት ካልቆዩ የሌሎቹ ሞት ምንም ማለት አይደለም።

ህዋሱን ያወጣው መርፌ የሚጢጢን ሳንባ ነክቶ ነፍሷ ለጥቂት ተረፈች። ሐኪሙ "ከእንግዲህ መርፌ አላስጠጋትም" ብሎ ቁርጡን ተናገረ። እንግዲህ ያለው በቀጭኗ ቱቦ የመጣው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቶሎ ካልገባ የሚበላሽ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቺፖች ነበሩ። አንደኛዋ አሮጌ ናት፤ ጠርዟ የተሸረፈ፣ ቦዮቿ ትንሽ የተንጋደዱ፣ ውሃ ውስጥ ስትዘፈዘፍ የከረመች። ሌላዋ የዚያኑ ቀን ጠዋት ከማተሚያው የወጣች፣ በአልኮል ታጥባ በመብራት የጠነከረች፣ ዓይን የምትስብ። አዲስ ቺፕ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ የተደበቀው መርዘኛ ጥሬ ሙጫ እስኪወጣለት ድረስ ሕይወት ያለው ነገር አይገባበትም። ይህን ለሌሎች የምታስተምረው ራሷ ናት! ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተቻት። በጣም ትንሽ ሙጫ ሙጫ ትሸታለች።

"ለገዛ እህቴ አሮጌውን?" አለች። እንግዳ መጥቶባት የተሸረፈ ብርጭቆ ማቅረብ ያፈረች ይመስል፣ ዓይኗ እያየ አዲሷን አነሳች። ቦዮቹ በደንብ ይሙሉ ብላ ቱቦዋንም ጠብታ ሳታስቀር አንጠፈጠፈቻት።

ውጤቱ በሚታይበት ቀን ከጎኗ የቆመው ህዋስ የሚያሳድገው፣ ሁሉም "ጋሼ" የሚለው የሥራ ባልደረባዋ ነበር። ህያው ህዋስ አረንጓዴ፣ የሞተው ቀይ እንዲያበራ ቀለም ጨምረዋል። ቺፕ ሠሪዋ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች።

"ቀይ ነው! የመጀመሪያው ጠራርጓቸዋል!"

"እስቲ ሁለተኛውን።"

"እሱም! ኧረ ጋሼ፣ ሦስተኛውም! መምረጥ ሊቸግረን ነው እኮ!" ልትጨፍር ምንም አልቀራት።

ጋሼ አልሳቀም። "አራተኛውን እይው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አየችው። መድኃኒት የሚባል ነገር ባልደረሰበት በአራተኛውም ቦይ አንድ አረንጓዴ አልነበረም። የፈጃቸው መድኃኒቱ አይደለም፤ ሙጫው ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እሱም የሚለቀም ነገር ለፈሰሰበት ነው።

"ቱቦዋ ጫፍ ላይ የቀረ አይኖርም?"

"ጨርሰናት እኮ ነው።" ጋሼ "አይዞ—" ብሎ ጀመረና ተወው።

ደረጃውን ወጥታ እህቷ የተኛችበት ክፍል ገባች። ሚጢጢ ትራስ ተደግፋ ነበር የምትጠብቃት።

"እታለም! ማን አሸነፈ?"

ልትዋሽ አስባ ነበር፤ አልሆነላትም። "ሁሉም ሞቱ። የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ውሃ ውስጥ ያልሰነበተ ቺፕ ውስጥ ከተትኳቸው።"

"ታዲያ እኔ ውስጥ የቀሩትንም ነይና ጨርሺልኛ" ብላ ሚጢጢ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ለቅሶ ሆነ። "አሁንስ ምን ይደረጋል?"

"ሐኪሙ ገና አልሰማም። ሲሰማ አንዱን በግምት ይጀምርልሻል።"

"በግምት?" እጇን ጨብጣ ያዘቻት። "እታለም፣ ፈርቻለሁ። ትንሽ እንኳ ያየሽው ነገር የለም? ምንም?"

ምንም አልነበረም። ቺፕ ሠሪዋ የእህቷን ፊት አየች፤ አፏም ሳታዘው ተከፈተ።

"ሁለተኛው ላይ... እዚያ ያሉት ቀድመው ሲሞቱ አይቻለሁ።"

"አየሽ! ይኸው ነበረ አይደል!" የሚጢጢ ፊት በራ። "እንዲህ አትይም ነበር እንዴ መጀመሪያውኑ? ስታስደነግጪኝ!"

ታላቂቱ ነገሩን ልትመልሰው አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳና ሐኪሙ ገባ። "እህ፣ ቺፑ ምን አለን?" አለ።

"ሁለተኛውን ነው ዶክተር!" አለች ሚጢጢ ከአልጋዋ ቀና ብላ። "እህቴ በዓይኗ አይታለች።"

ሐኪሙ ከግምት የገላገለው አገኘና ፊቱ ፈታ አለ። ወደ ቺፕ ሠሪዋ ዞረ። "እርግጠኛ ነሽ?"

ሚጢጢ እጇን አልለቀቀቻትም ነበር። ቺፕ ሠሪዋ "አዎ" ብላ ራሷን ነቀነቀች።